የማድ ቤት አደጋና የባለሱቁ ድርሻ

በባሌ ደጋ ስለ ምድጃው፣ ስለ ጠርሙሱና ድክ ድክ ስለሚሉ ሕፃናት

በሮቤ ከተማ በገበያ ቀን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቁመቱ ከባንኮኒው ጠርዝ የማይደርስ ልጅ ባዶ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ እማዬ በረኪና ላከችኝ» ይላል። ባለሱቁም ከትልቁ ጄሪካን ይቀዳለታል፤ ክዳኑን አጥብቆ «ማሙሽ፣ እንዳይፈስብህ» ብሎ ያስይዘዋል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ልኩም አልጎደለም። ጠርሙሱ ግን ቤት ሲደርስ በማድ ቤቱ ወለል ላይ ከውኃው እንስራ አጠገብ ይቀመጣል፤ በዚያው ወለል ላይም ገና ድክ ድክ የሚል ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት አለ። ሕፃኑ ጠርሙሱን ያውቀዋል፤ በበዓል ቀን ጣፋጭ መጠጥ የቀመሰበት ነውና።

ሕፃናትን በማድ ቤት ውስጥ ከአደጋ መጠበቅ የእናቶችና የሞግዚቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲቈጠር ኖሯል። ይህ አስተያየት ፈጽሞ ስሕተት ነው አይባልም፤ ከሕፃኑ አጠገብ ውለው የሚያመሹት እነርሱ ናቸውና። ይሁን እንጂ ሕፃን የሚመርዘው ፈሳሽ፣ ሕፃን የሚያቃጥለው ምድጃ፣ እሳት ሲይዘው ከቆዳ ጋር የሚጣበቀው ሹራብ፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አስቀድመው በነጋዴ እጅ ያለፉ ዕቃዎች ናቸው። ፈሳሹ በምን ዓይነት መያዣ እንደሚሸጥ፣ ምድጃው ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል በብዙው የሚወስኑት አስመጪውና ባለሱቁ ናቸው። እናቲቱ የምትመርጠው ከቀረበላት ነው።

ስለ እሳቱ

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎባም ከእርሷ ከፍ ትላለች። ከጎባ በላይ ያለው የሰኔቲ አምባ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ራስም 4,377 ሜትር ይደርሳል። በእንዲህ ያለ አገር እሳት የወጥ መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡ ማሞቂያ ጭምር ነው። ውርጭ በሚጥልበት ወራት ምድጃው ከንጋት እስከ ምሽት አይጠፋም፤ ሕፃኑም ከእሳቱ አጠገብ የሚቀመጠው ጥበቃ ጎድሎት ሳይሆን ብርዱን ፈርተው ከዚያ ስላስቀመጡት ነው። በቆላ የሚኖር ሰው ልጁን ከምድጃ አርቆ ሊያውለው ይችላል፤ የደጋው ሰው ግን ልጁን ከእሳት አራቀ ማለት ለብርድ ሰጠው ማለት ነው። ስለ ጥበቃ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ይህን ካልተገነዘበ ሰሚ አያገኝም።

የአውሮፓና የአሜሪካ የቤት አያያዝ መጻሕፍት ስለ ማድ ቤት አደጋ ሲጽፉ ከሁሉ አስቀድመው የሚመክሩት የድስቱን እጀታ ወደ ግድግዳው ማዞርን ነው። ይህ ምክር ምድጃው ከአዋቂ ሰው ወገብ ትይዩ ለሆነበት ቤት የተጻፈ ነው። በባሌ ደጋ ቤቶች ግን ጉልቻው ከመሬት ላይ ነው፤ የከሰል ምድጃው ከመሬት ላይ ነው፤ ቡናው የሚፈላው፣ ረከቦቱ የሚዘረጋው፣ ጀበናውም ከፍሙ ወርዶ የሚቀመጠው ከመሬት ላይ ነው። የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ይህ ሁሉ ከጉልበቱ በታች ወይም ከእጁ ትይዩ ይውላል። ራሱ ከሰውነቱ ጋር ሲመዘን ከባድ ነው፤ ሲደናቀፍም ወደ ፊት ይወድቃል፤ ሲወድቅም ሁለት እጁን ይዘረጋል። በፍም ላይ የወደቀ ሕፃን መዳፉንና ጣቶቹን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ይኮማተራል፤ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ይቀራሉ። እርፍ የሚጨብጥ፣ ብዕር የሚይዝ፣ ገንዘብ የሚቈጥር እጅ በሁለት ዓመት ዕድሜ ይበላሻል።

የዓለም የጤና ድርጅት በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱና አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ መሆናቸውን ይገልጻል። በአፍሪካ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በቃጠሎ የሚሞቱበት መጠን በዓለም ካሉት እኩዮቻቸው ከእጥፍ እንደሚበልጥም ይኸው ድርጅት አስታውቋል። ከሞት የተረፉት ቍጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በባሌ በጠና የተቃጠለ ሕፃን መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ነው፤ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ግን በአዲስ አበባ ነው፤ ይኸውም ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

የፈላ ውኃ ከነበልባል ያላነሰ አደጋ ያደርሳል። በሮቤ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ «የደጋ ውኃ አያቃጥልም» ብሎ የሚቀልድ ይገኛል። ነገር ግን 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ከሥሩ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ቀጭን ስለ ሆነ ያን ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅበትም። ከውኃም ይልቅ ሽሮ፣ ገንፎ፣ አጥሚትና አብሲት የከፉ ናቸው፤ በቆዳ ላይ ተጣብቀው ሙቀታቸውን ቶሎ አይለቁምና። በሚነጠር ቅቤ አጠገብ ሕፃን ማስቀመጥም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው በዚህ ረገድ ምን ሊያደርግ ይችላል? በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ የተሠራውና «ምርጥ» የሚል ስም የተሰጠው የእንጀራ ምድጃ ለማገዶ ቁጠባ የታሰበ ነበር። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቁራጭ በቁራጭ ተሠርቶ ይገጣጠማል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደርም ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የዚህ ምድጃ ሻጮች ሁሉ የሚናገሩት ስለ ማገዶው ነው። እሳቱ በግንብ የተከበበ ስለ ሆነ የሕፃን እጅ በቀላሉ ከፍሙ የማይደርስ መሆኑን ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ይህ ደግሞ ለአንዲት እናት ከማገዶው ያላነሰ የሽያጭ ቃል ነው። ምድጃው በድንጋይና በጭቃ በተሠራ ወገብ የሚደርስ መደብ ላይ ሲቀመጥ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል፤ የጋጋሪዋም ወገብ ያርፋል። ለከሰል ምድጃም እንዲሁ እግሩ የማይናወጥ የብረት ማስቀመጫ ማንኛውም ብረት በያጅ በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል። በሮቤ ሱቆች የከሰል ምድጃ ሞልቷል፤ ማስቀመጫ አብሮ የሚሸጥ ግን እምብዛም አይታይም።

ከዚህም ሌላ ለማድ ቤቱ በር የሚሆን ግማሽ መዝጊያ አለ። ከሕፃኑ ደረት ከፍ የሚል፣ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል የሆነ፣ ጭሱንም ብርሃኑንም የማይከለክል የጣውላ መዝጊያ ነው። እናቲቱ እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ ከደጅ ሆኖ ያያታል፤ ትሰማዋለች፤ ነገር ግን አይገባም። የሮቤና የጎባ አናጢዎች ለበግ በረት የሚሠሩት ከዚህ የሚከብድ ሥራ ነው።

አስመጪዎችን የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ለብርዱ ሲባል ወደ ባሌ የሚላከው የሕፃናት ሹራብና ብርድ ልብስ ብዙው ከናይለንና ከአክሪሊክ የተሠራ ነው። እነዚህ ክሮች እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ፤ ወፍራም ሱፍ ግን ቶሎ አይቀጣጠልም፤ አይቀልጥምም። እንግሊዞች በሕፃናት የሌሊት ልብስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ሕግ ያወጡት ልጆች በቤት ማሞቂያ እሳት አጠገብ ስለሚቃጠሉ ነበር። በባሌ ደጋ በግ የማይረባበት ሰፈር የለም፤ የአገር ሱፍ ሹራብ ግን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ማየት ብርቅ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድና የውኃ ማፍያ የሚያስመጡም ሽቦው አጭር የሆነውን ቢመርጡ ከጠረጴዛ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይኖርም፤ ሕፃን የተንጠለጠለ ነገር ሳይስብ አያልፍምና።

ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ ስለሚደረገው ነገር ባለሱቁ ዘወትር ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠየቀው የጥርስ ሳሙና ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና አተላ፣ ሁሉም ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ ከመቆለፍና ቁስሉን ከማቆሸሽ በቀር የሚሰጡት ጥቅም የለም። የሐረና ማር ስመ ጥር ቢሆንም ትኩስ ቃጠሎ ላይ የሚቀባ አይደለም። መደረግ ያለበት አንድ ነው፤ የተቃጠለውን ስፍራ በሚፈስስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማጠብ። በረዶ አይሁን። ልብሱና አምባሩ ካልተጣበቀ ቶሎ ይውለቅ፤ የቀረው ሰውነት ደግሞ በብርድ ልብስ ይጠቅለል፤ በደጋ አየር ሕፃን ቶሎ ይቀዘቅዛልና። ከዚያ በኋላ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። 20 ደቂቃ የሚጮኽ ሕፃን ይዞ ለሚቆም ሰው ረጅም ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ማሳጠር አይገባም።

ስለ ጠርሙሱ

ወደ መጀመሪያው ነገር ስንመለስ፣ ለቤት የሚሆን በረኪና ጥቂት የተጎነጨ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ አፉና ጉሮሮው ከመቃጠል የባሰ ነገር ላይደርስበት ይችላል። ክፋቱ የበረኪናው ብቻ አይደለም፤ የልማዱ ነው። ዛሬ በለስላሳ ጠርሙስ በረኪና የቀዳ እጅ ነገ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ላምባ ይቀዳበታል፤ ከነገ ወዲያ የአረም መድኃኒት ይቀዳበታል። በተለምዶ «ሃይላንድ» እየተባለ የሚጠራው የውኃ ፕላስቲክ በአንድ ማድ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሆኖ ተደርድሮ ሲገኝ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ላምባ፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደ ሆነ የቤቱ አባት ብቻ የሚያውቀው ሊሆን ይችላል።

ላምባ የሚገድለው በሆድ ሳይሆን በሳንባ በኩል ነው። ቀጭን ፈሳሽ ስለ ሆነ ሕፃኑ ሲጎነጨው ትን ይለዋል፤ ወደ ሳንባ የገባው ጥቂቱ ትንፋሹን ያጥረዋል። ስለዚህም ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስታውክ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሲያስታውክ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ሳንባው ይገባልና። ወተት አጠጥቶ ማስመለስ የብዙ ቤት ልማድ ቢሆንም ጉዳቱ ይከፋል። ሳሙና ለሚሠሩ ሰዎች በሚዛን የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳም እንዲሁ ነው፤ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ እንደ ገና ያቃጥለዋል። ከዚህ የዳነ ልጅ የምግብ ቧንቧው በጠባሳ ጠብቦ እህል መዋጥ ሊሳነው ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ መልኩ ጨው ይመስላል፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲሸጥም ከጨው የሚለየው የለም።

ባሌ የስንዴና የገብስ አገር በመሆኑ ሌላ አደጋ በሮቤ ባለሱቅ መደርደሪያ ላይ አለ። ቱፎርዲ የተባለው የአረም መድኃኒት በስንዴ እርሻ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በጎተራ ለሚቀመጥ እህል ደግሞ የፎስፋይድ ኪኒን ይሸጣል። ይህ ኪኒን እርጥበት ሲነካው መርዘኛ ጋዝ ይለቃል፤ በሆድ ውስጥ ያለውም እርጥበት ይበቃዋል፤ ማርከሻ መድኃኒትም አልተገኘለትም። ፀረ ተባይ የሚመዘገብበትንና የሚሸጥበትን ሥርዓት የሚወስነው ዐዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ሆኖም ገበሬው አንድ ሊትር ሳይሆን ሩብ ሊትር ሲፈልግ፣ ሁለት ኪኒን ብቻ ሲጠይቅ፣ ዐዋጁ ከባንኮኒው ወዲያ ይቀራል። ባዶው ጄሪካንም አይጣልም፤ ታጥቦ የማድ ቤት ዕቃ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ቢታጠብ እንኳ የምግብ መያዣ ሊሆን የሚችል አይደለም፤ ባዶውን በስቶ የሚመልስ ገበሬ ያገኘ ነጋዴ ሊያመሰግነው ይገባል።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር ከሰበካ ይልቅ በክዳን ተቃልሏል። በካናዳ የዊንድሰር ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ብሮ መድኃኒት የሚውጡ ልጆች ቢሰለቿቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በመዳፍ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን እንዲሠራ አደረጉ። በዚያ አካባቢ የሕፃናት መመረዝ ከ90 በመቶ በላይ እንደ ቀነሰ ተመዝግቧል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1970 ለመርዘኛ የቤት ዕቃዎች እንዲህ ያለውን መያዣ በሕግ አስገደደ። ለኢትዮጵያ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የደቡብ አፍሪካው ነው። በዚያም ላምባ ለማብሰያና ለማብሪያ በሰፊው ስለሚያገለግል ብዙ ሕፃናት ይመረዙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ልጅ የማይከፍተው የላምባ መያዣ ለብዙ ሺሕ ቤተ ሰቦች ሲታደል የሚመረዙት ልጆች ቍጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለእናቶቹ አዲስ ትምህርት ከመስጠት ይልቅ የመያዣው መለወጥ ሥራውን ሠራ።

ክዳኑ ግን ተአምር አይሠራም። ለእንዲህ ያለ መያዣ የወጣው የዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ቁጥሩ 8317 የሆነው፣ ዕቃውን በሕፃናት እጅ ያስፈትናል፤ አሥር ደቂቃ ከታገሉ በኋላ ከመቶ 80ዎቹ ሳይከፍቱት ከቀሩ ያልፋል። እንግዲህ ከአምስት ልጆች አንዱ ሊከፍተው ይችላል ማለት ነው። ነጋዴው «ልጅ አይከፍተውም» እያለ ቢሸጠው ገዢዋን ያታልላታል፤ «ልጅ ቶሎ አይከፍተውም» ቢላት እውነቱን ይነግራታል፤ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም እንዳለባት አብሮ ያስታውሳታል።

ይህን ክዳን የሚያስመጣ ወይም የሚያሠራ ሰው አትራፊ ይሆናል አይሆንም የሚለው ጥያቄ የሚገባ ጥያቄ ነው። በረኪና በጄሪካን ገዝቶ በሰው ጠርሙስ የሚቀዳ ባለሱቅ የመያዣ ወጪ የለበትም፤ ታሽጎ የሚሸጠው ግን የጠርሙሱንም የክዳኑንም የጽሑፉንም ዋጋ ይጨምራል። ለድኻ ገዢ የጥቂት ብር ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህም አንዱ መንገድ ጠርሙሱን በመያዣ ገንዘብ ማዞር ነው፤ ይህ ለቢራና ለለስላሳ መጠጥ ነጋዴ የለመደው ሥራ ነው። ገዢዋ አንድ ጊዜ ልዩ ቅርጽና ልዩ ቀለም ያለው፣ ክዳኑ በመጫን የሚከፈት ጠርሙስ ትወስዳለች፤ ሲያልቅ ያንኑ ይዛ ትመለሳለች። በላዩም በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍበታል፤ ማንበብ ለማይችሉም ሥዕል ይደረግበታል። ከዚህ ሌላ በሆነ ጠርሙስ አይቀዳም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሱቅ ብቻውን «በለስላሳ ጠርሙስ አልቀዳም» ቢል ልጁ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ ጎረቤቱም ይቀዳለታል፤ እምቢ ያለው ሰው ደንበኛ አጣ፤ ሕፃኑም ከአደጋው አልዳነም። በአንድ መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ሁሉ በአንድ ሳምንት ቢስማሙ ግን ማንም አይጎዳም። የሮቤ ገበያ ሰፊ ቢሆንም የጄሪካን በረኪናና የላምባ ጅምላ ሻጮች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ ስምምነቱ ከእነርሱ ቢጀመር ከመቶ ቸርቻሪ ጋር መነጋገር አያስፈልግም።

ከጅምላ ሻጩ መጋዘን የሚነሣው ጭነት በሮቤ አይቀርም። በጎባ አልፎ ሰኔቲን ይሻገራል፤ በሐረና ጫካ ውስጥ ወርዶ ደሎ መና ይደርሳል፤ ከዚያም እስከ ብድሬ ይዘልቃል። በብድሬ ያለች አንዲት ሱቅ ላምባ በሃይላንድ ስትቀዳ ከእርሷና ከጎባ ሆስፒታል መካከል ያ ሁሉ ተራራና ጫካ አለ። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ያን መንገድ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ይወጣዋል፤ ጠርሙሱም ሐኪሙ እንዲያየው በፌስታል ተጠቅልሎ አብሮ ይጓዛል።